የጓርዳፉይ የባሕር መብራት ማማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼም ሆኑ የአንኮበርና የደብረ ሲና ሰዎች ስለዚህ ማማ ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ «ዓ.ም.» ያልኩት በእኛ አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» ያልኩት በፈረንጆቹ ነው።

ማማው የት ነው ያለው?

ሶማሊያ ውስጥ፣ የአፍሪካ ቀንድ በምንለው መሬት ጫፍ ላይ። ካርታ ላይ ጣታችሁን ከበርበራ ተነሥታችሁ በባሕሩ ዳር ወደ ምሥራቅ ብታስኬዱ መሬቱ ድንገት ያልቅና ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ያ መታጠፊያ ጓርዳፉይ ይባላል፤ የአገሩ ሰዎች ራስ ዓሲር ይሉታል («ራስ» እዚህ ወደ ባሕር የገባ የመሬት ጫፍ ማለት ነው)። በሰሜኑ የኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ በምሥራቁና በደቡቡ የህንድ ውቅያኖስ አለ። ዛሬ በፑንትላንድ አስተዳደር ሥር ነው፤ በአቅራቢያው የምትታወቀው የወደብ ከተማ አሉላ ናት።

ብዙ ሰው ይህን ቦታ የአፍሪካ የመጨረሻው ምሥራቃዊ ነጥብ አድርጎ ያስተምራል። ትክክል አይደለም። ከዋናው ምድር ወደ ምሥራቅ አልፎ የሚሄደው ከእሱ በስተደቡብ ያለው ራስ ሐፉን ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ፈተና ላይ ይመጣል።

የባሕር መብራት ማማ ለምን ያገለግላል?

ሌሊት ወይም በጭጋግ ለሚሄድ መርከበኛ ሁለት ነገር ይነግረዋል፤ መሬት እዚህ አለ፣ አንተም ያለኸው እዚህ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። መርከበኛ መሬት መኖሩንማ ያውቃል፤ የሚገድለው የትኛው መሬት እንደሆነ አለማወቁ ነው።

በክረምት ጣርማ በርን ያቋረጠ የሰሜን ሸዋ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ጉሙ ከደብረ ሲና ገደል ወጥቶ መንገዱን ሲሸፍነው አይሱዙው ባለ ሁለት መብራቱን እያበራ ይዳክራል፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የመንገዱን ጠርዝ ይፈልጋል። ሾፌሩ ዋሻው ጋ መድረሱን የሚያረጋግጥለት አንድ የታወቀ ምልክት ሲያይ ትከሻው ይረግባል። ለመርከበኛ ያ ምልክት ማማው ነው።

መብራቱ እንዴት ነው የሚሠራው?

በድሮው ዘመን መብራቱ ራሱ ትልቅ አልነበረም፤ በዘይት፣ ኋላም በላምባ የሚነድ ነበር። ጉልበቱን የሚያገኘው ከመስተዋቱ ነው። ኦገስቲን ፍሬኔል የተባለ ፈረንሳዊ በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ የመስተዋት ቀለበቶችን ደርድሮ፣ ወደየአቅጣጫው የሚበተነውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ አድማስ የሚልክ ሌንስ ሠራ። ሌንሱ ይዞራል። ስለዚህ ከሩቅ ለሚያየው መርከበኛ መብራቱ ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ እንደገና ብልጭ ይላል።

የብልጭታው ቁጥርና ቆይታ ለእያንዳንዱ ማማ የተለየ ነው። መርከበኛው ሰዓቱን ይዞ ይቆጥርና መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ዝርዝር አይቶ የማን መብራት እንደሆነ ያውቃል። ጠባቂው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ክሩን ይቆርጣል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ሌንሱን የሚያዞረውን ሰዓት መሰል ሞተር ይጠመዝዛል፣ ጠዋት ጥላሸቱን ከመስተዋቱ ይወለውላል። ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም ዓመት በዓል ብሎ ነገር የለም።

ብርሃኑ ምን ያህል ርቀት ይታያል? አንኮበር ላይ ሆነን ልናየው እንችላለን?

አንችልም። ከአንኮበር እስከ ጓርዳፉይ በአየር ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ምድር ደግሞ ክብ ናት። ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢበረታ የምድር ጉብታ ይጋርደዋል። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ተማሪዎች በእጃቸው ይሥሩት፦ የመብራቱን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ካሬ ሥሩን አውጡ፣ በ3.57 አባዙት፣ በኪሎ ሜትር የአድማሱን ርቀት ታገኛላችሁ። መብራቱ 100 ሜትር ላይ ቢሆን 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መርከበኛው 9 ሜትር ከፍታ ያለው መድረክ ላይ ቢቆም የራሱ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርለታል፤ ድምሩ 47 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

«ታዲያ እንደ መገዘዝ ባለ ተራራ ራስ ላይ ቢያስቀምጡትስ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ይህን ስሕተት በተግባር የፈጸሙት አሉ። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ፖይንት ላይ በ1860 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራው ማማ ከባሕር ጠለል ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ስላለ ብዙ ጊዜ ደመና ውስጥ ተሸሸገ። በ1911 እ.ኤ.አ. ሉሲታኒያ የተባለ የፖርቱጋል መርከብ እዚያው ሥር ዐለት ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ባሕሩ የቀረበ፣ ዝቅ ያለ አዲስ ማማ ተሠራ። ክረምት ላይ የመገዘዝን ራስ ፈልጎ ያጣ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልገውም።

መርከቦች እዚያ ቦታ ላይ ለምን ይሰበሩ ነበር?

የስዊዝ ቦይ በኅዳር 1869 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ በኋላ ከህንድ፣ ከቻይናና ከአውስትራሊያ ወደ አውሮፓ የሚመለሰው መርከብ ሁሉ በዚህ በኩል ማለፍ ጀመረ። ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ለመግባት ጓርዳፉይን በግራ አድርጎ ወደ ምዕራብ መታጠፍ ያስፈልጋል። ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ምንም ችግር የለውም።

መከራው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ሲነሣ ባሕሩ ይናወጣል፣ አየሩ በአቧራና በእርጥበት ይታፈናል፣ የውኃው ሞገድ መርከቡን ወደ ሰሜን እየገፋ የካፒቴኑን ስሌት ያዛባል። በዚያ ላይ ምድሩ ራሱ ያታልላል። ከጓርዳፉይ በስተደቡብ ራስ ሸናጊፍ የሚባል ሌላ ከፍ ያለ ራስ አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ጓርዳፉይን ይመስላል። በሁለቱ መካከል ያለው ምድር ዝቅ ያለ ስለሆነ በጭጋግ ውስጥ አይታይም። ካፒቴኑ ራስ ሸናጊፍን ያይና «ደረስን» ብሎ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ፊት ለፊቱ ክፍት ባሕር ያለ ይመስለዋል። ያለው አሸዋና ዐለት ነው።

በሰኔ 1877 እ.ኤ.አ. ሜኮንግ የተባለው የፈረንሳይ የመንገደኞች መርከብ በዚህ ዳርቻ ጠፋ። በ1905 እ.ኤ.አ. ሾዶክ የተባለው ሌላ የፈረንሳይ መርከብ ተከተለው። ከጓርዳፉይ በስተምሥራቅ ሶቆጥራ ደሴት አጠገብ ደግሞ ኤደን የተባለው የእንግሊዝ መርከብ በሰኔ 1897 እ.ኤ.አ. ዐለት ላይ ወጥቶ 78 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉት ማዕበል በሚመታው ስብርባሪ ላይ ተንጠልጥለው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተዋል። ስለ ማማው ፖለቲካ ከመናገሬ በፊት ይህን የማስቀድመው ሆን ብዬ ነው። እዚያ መብራት ማስፈለጉ የቅኝ ገዢ ሰበብ አልነበረም። ሰው ያልቅ ነበር።

ቦታው ከማማው በፊት ምን ታሪክ ነበረው?

ረጅም ታሪክ። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው፣ ስለ አዱሊስና ስለ አክሱሙ ገዢ ዞስካሌስ የሚነግረን የግሪክኛው የባሕር መመሪያ ጓርዳፉይን የሽቶና የቅመም ራስ ብሎ ይጠራዋል። ምክንያቱ ዕጣን ነው። ከአሉላ በስተጀርባ ያሉት ተራሮች እስከ ዛሬ ድረስ የዕጣን ዛፍ አገር ናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን የሚጤሰው ዕጣን በአብዛኛው ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚመጣ ሲሆን ዛፉ የዚያኛው ዘመድ እንጂ አንድ ዓይነት አይደለም።

ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት አገሩን የሚገዛው የማጀርቴን ሱልጣኔት ነበር። ቦቆር ዑስማን የመጨረሻው ትልቅ ገዢ ናቸው።

ማማውን ማን፣ መቼ ሠራው? ለምንስ እስከዚያ ዘገየ?

ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት። የመጀመሪያው መብራት በ1924 እ.ኤ.አ. (1916 ዓ.ም.) ተተከለ፤ ዛሬ በፎቶ የምናየው የድንጋይ ግንብ በ1930 እ.ኤ.አ. ተተካ። ሜኮንግ ከጠፋችበት ዓመት አንሥቶ ቢቆጠር ወደ ግማሽ ክፍለ ዘመን ገደማ መሆኑ ነው።

የዘገየበት ምክንያት ከድንጋይና ከሲሚንቶ ጋር አይገናኝም። ቦታው የማጀርቴን ነው፣ ብዙዎቹ መርከቦች የእንግሊዝ ናቸው፣ ባለመብት ነኝ የሚለው ጣሊያን ነው። እንግሊዞች በ1884 እ.ኤ.አ. ከሱልጣኑ ጋር ተዋውለው መርከብ ሲሰበር የመርከበኞቹ ሕይወት እንዲጠበቅ በየዓመቱ ገንዘብ መክፈል ጀመሩ። ሱልጣኑ በ1889 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን ጋር የጥበቃ ውል ተፈራረሙ። ከዚያ በኋላ ማን ይሥራው፣ ማን ይክፈል፣ ማን ይጠብቀው የሚለው ክርክር ዓመታትን በላ። መብራት መትከል ማለት ሰው ማስፈር፣ ሰው ማስፈር ማለት ባንዲራ መስቀል ስለነበር ማንም በቀላሉ እሺ የሚለው ጉዳይ አልሆነም።

ቅርጹ ለምን እንደሌሎቹ ማማዎች ክብ ብቻ አልሆነም?

የፋሺስት ፓርቲው ዓርማ ስለሆነ ነው። ፎቶውን አቅርባችሁ ተመልከቱት። ግንቡ ከታች እስከ ላይ እንደታሰረ የዘንግ ነዶ ነው። ወደ ላይኛው ክፍል ሲደርስ ከጎኑ አንድ ወፍራም የድንጋይ ምላስ ይወጣል፤ ያ የምሳሩ ስለት ነው። በጥንታዊት ሮም የባለሥልጣን አጃቢዎች በጠፍር የታሰረ ዘንግና ምሳር ይሸከሙ ነበር፤ ዘንጉ ለመግረፍ፣ ምሳሩ አንገት ለመቁረጥ። ሙሶሊኒ በ1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዘ በኋላ ይህን ምልክት የመንግሥቱ ማኅተም አደረገው፤ ፓርቲውም ስሙን ከዚሁ ወስዷል።

በሌሊት መርከበኛው የሚያየው ብርሃኑን ነው። ቀን ግን በዚያ የሚያልፍ የየትኛውም አገር መርከብ መጀመሪያ የሚያየው ያንን የድንጋይ ምሳር ነበር። አሠሪዎቹም ይህን አስበው ነው የሠሩት።

ለሰሜን ሸዋ ሰው ይህ ምልክት ከመጽሐፍ የተማረው ነገር ብቻ አይደለም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው በዚሁ በእኛ መንገድ፣ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን በኩል ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላጋ ወልዴ ላይ ተረሸኑ፤ ዲያቆናትና ሌሎችም ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው ከከተማው አጠገብ እንጌጫ ላይ ተገደሉ። ያን ያደረጉት ወታደሮች የሚታዘዙለት መንግሥት ማኅተም ነው ጓርዳፉይ ላይ በድንጋይ የቆመው። ይህን ሳልነግራቸው «የሚያምር ሕንፃ ነው» ብለው የሄዱ ተማሪዎች እንዲኖሩ አልፈልግም።

ማማው የተሰየመለት ክሪስፒ ማን ነው? ከሰሜን ሸዋስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ይህ ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ እኔም ወደ ማማው የገባሁት በዚሁ በር ነው። ማማው ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ተብሎ ተሰየመ። ክሪስፒ በ1818 እ.ኤ.አ. ሲሲሊ ውስጥ ተወለደ፣ በወጣትነቱ አብዮተኛ ነበር፣ በ1860 እ.ኤ.አ. ከጋሪባልዲ ጋር ዘምቶ ጣሊያንን አንድ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ሆነ። የራሱ አገር ከባዕድ ቀንበር እንዲወጣ የታገለ ሰው ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን (ከ1887 እስከ 1891 እና ከ1893 እስከ 1896 እ.ኤ.አ.) በሌላው ሕዝብ ላይ ቀንበር ሊጭን ተነሣ።

የሸዋው ክር የሚጀምረው ከእሱ በፊት ነው። በ1876 እ.ኤ.አ. የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ መጡ። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው። ለእንግዶቹ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ መሬት ሰጧቸው፤ አንቲኖሪ ወፍና ነፍሳት እየሰበሰበ፣ ዕፀዋት እያጠና ኖሮ በነሐሴ 1882 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። በ1879 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወጣቱ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መጣ። በአንኮበርና በአሰብ መካከል የአፋርን በረሓ እያቋረጠ ይመላለስ ነበር፤ ጠመንጃም ያመጣል፣ ውልም ይዋዋላል፣ የምኒልክን ቤት አዋቂ ሆነ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ለጣሊያን የፈረመው ይኸው አንቶኔሊ ነው። ሮም ተቀምጦ የሚያዝዘው ደግሞ ክሪስፒ፤ ጠቅላይ ሚኒስትርም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም እሱ ራሱ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የክሪስፒ መንግሥት አንቀጽ 17ን ይዞ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብሎ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩ ወደ ጦርነት ሄደ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የጣሊያን ጦር ተሸነፈ፣ ወሬው ሮም እንደደረሰ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ክሪስፒ በቀናት ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ወደ መንግሥት ሥራ አልተመለሰም፤ በ1901 እ.ኤ.አ. ሞተ።

እንግዲህ ከደብረ ብርሃን ቅርብ በሆነችው አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ ከሥልጣን ያወረዱት ሰው ስም ነው የአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ላይ የተጻፈው። ማማው የሶማሌ ምድር ላይ ይቁም እንጂ የስሙ ታሪክ ግማሹ ያለው ልጥ ማረፊያ ነው።

ስሙን የሰጡት የዐድዋን ሽንፈት ለማካካስ ነው?

«በቀል ነው» ብሎ መደምደም ይቀላል፤ እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ፋሺስቶቹ ክሪስፒን እንደ ቀዳሚያቸው ይቆጥሩት ነበር፤ ትልቅ ጣሊያንን አስቦ በዘመኑ ደካሞች የተከዳ ሰው አድርገው ይተርኩለት ነበር። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በቅኝ ግዛቱ ጫፍ ላይ የተተከለ መብራት በእሱ ስም መጠራቱ ለዚያ ትረካ የተስማማ ነው። ከመጀመሪያው መብራት 11 ዓመት በኋላ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ጦርነቱ ራሱ መጣ።

የአካባቢው ሰዎች መብራቱን ተቃውመው ነበር? «የተሰበረ መርከብ ለመዝረፍ ነው» ሲባል እንሰማለን።

የተሰበረ መርከብ ንብረት ለሱልጣኑና ለሕዝቡ ገቢ እንደነበረ እውነት ነው። በብዙ የዓለም ዳርቻዎች፣ አውሮፓም ጭምር፣ ባሕር የተፋው ዕቃ የባለአገሩ ነው የሚል ልማድ ነበር። ተቃውሞውን ሁሉ በዝርፊያ መግለጽ ግን የቅኝ ገዢ አነጋገር ነው። ማጀርቴኖች የሚያዩት መብራቱን ብቻ አልነበረም፤ ከመብራቱ ጋር የሚመጣውን ወታደር ጭምር ነው። ፍርሃታቸውም ውሸት አልሆነም።

በ1923 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሶማሊያ ገዢ ሆኖ የመጣው ዴ ቬኪ የሰሜኖቹን ሱልጣኔቶች ትጥቅ አስፈትቶ በቀጥታ ለመግዛት ተነሣ። ከ1925 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. ከባድ ውጊያ ተደረገ፣ መንደሮች ከባሕር በመርከብ መድፍ ተደበደቡ፣ በመጨረሻም ቦቆር ዑስማን እጃቸውን ሰጥተው ሞቃዲሾ በግዞት ተቀመጡ። የድንጋዩ ምሳር የቆመው ከዚህ በኋላ ነው።

ከዚያ ትግል የወጣ አንድ ሰው ለእኛም ታሪክ የሚገባ ነው። ዑመር ሰመተር በሆብዮ ሱልጣኔት በኩል ጣሊያንን ተዋግቶ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ፤ በ1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ከኢትዮጵያ ወገን ተሰልፎ ተዋጋ። አርበኞቻችንን ስንቆጥር፣ ከራስ አበበ አረጋይና ከኃይለ ማርያም ማሞ ጋር፣ ይህን ሶማሌ መርሳት የለብንም።

ጓርዳፉይ የኢትዮጵያ ግዛት ሆኖ ያውቃል?

አያውቅም። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ በአንድ አስተዳደር ሥር ስላደረጋቸው ደብረ ብርሃንና ጓርዳፉይ ለአምስት ዓመት በአንድ ካርታ ተቀለሙ፤ ያ ወረራ እንጂ ግዛት አይባልም። ሶማሊያ ነፃ የወጣችው ሐምሌ 1 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ባሕር በር በጋለ ስሜት በሚወራበት ጊዜ ይህን ቦታ አብሮ የሚጠቅስ ሰው አጋጥሞኛል፤ ታሪኩ አይደግፈውም።

ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር ዳርቻ በነበራት ዘመን፣ ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ወዲህ፣ ከምጽዋ እስከ አሰብ ያሉት የወደብ መብራቶች በእሷ አስተዳደር ሥር ነበሩ። ምጽዋ የባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈር ስለነበር ከሰሜን ሸዋ የሄዱ ብዙ ወጣቶች የባሕር መብራት መጀመሪያ ያዩት እዚያ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የቀድሞ የባሕር ኃይል አባል አባት ወይም አያት ካለ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ጠይቁ።

ዛሬም ይበራል?

አይበራም። ማማው ቆሟል፣ መብራቱ ከጠፋ ግን ረጅም ዘመን ሆኖታል። መርከቦች አሁን የሚሄዱት በሳተላይት መሣሪያ ነው። ትንንሽ ጀልባ ይዘው የሚወጡት የአሉላና የአካባቢዋ ዓሣ አጥማጆች ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያለ መሣሪያ የላቸውም፤ ለእነሱ ዳር ላይ የሚበራ መብራት ዛሬም ትርፍ ነገር አይደለም።

ማማው ይፍረስ ወይስ ይቆይ? ስሙስ?

ውሳኔው የሶማሊያ ሕዝብ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ አይገባንም። ብጠየቅ ግን ይቆይ፣ ስሙ ይነሣለት እላለሁ። ይቆይ የምለው ለጣሊያን አዝኜ አይደለም። ግንቡ ሲፈርስ ማስረጃውም አብሮ ይፈርሳል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ «እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» የሚል ሰው አይጠፋም።

እኛ ራሳችን በሁለት መንገድ ኖረንበታል። የጣርማ በሩን ዋሻ የወረራው ዘመን ጣሊያኖች ናቸው የፈለፈሉት፤ ሰዉ እስከ ዛሬ «የሙሶሊኒ ዋሻ» እያለ ይጠራዋል። በየቀኑ እናልፍበታለን፣ ይጠቅመናል፤ ስሙን ግን ለልጆቻችን ሳናብራራ ዝም ብለን ማለፋችን ይቆረቁረኛል። ደሴ ድረስ ደርሶ የተመለሰ ተማሪ ዋሻውን ማን እንዳስቆፈረው፣ እነማን እንደለፉበት፣ መንገዱ ለምን ዓላማ እንደተቀደደ ሳያውቅ ሲቀር ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በዛሬው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይታያል። ጣሊያኖች ወደ ሰማይ ብቻ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ሠርተው ነበር፤ እያንዳንዱ እርከን ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቆጠረ አንድ የፋሺስት ዘመን ዓመት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ አላፈረሱትም። ከደረጃው አናት ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት፤ ዛሬም እዚያው ነው። ጓርዳፉይ ላይም በክሪስፒ ስም ፈንታ የቦቆር ዑስማን ስም፣ ከሥሩ ደግሞ በዚያ ዳርቻ የሞቱት መርከበኞች መታሰቢያ ቢቀረጽ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።